ሞቴን ተናግሮ የተነሳው ፕሮግራም

መጀመር የሚባል ነገር ያስፈራኛል። መጨረስ አያስፈራኝም፤ ያለቀ ነገር ወይ ሆኗል ወይ አልሆነም፣ ተቀብሎ መተኛት ነው። ጅምር ግን ገና ምኑም ስላልታወቀ የማይመጣበት ጥፋት የለም። መኪና ሲነሳ፣ ስብሰባ ሲከፈት፣ ሰርግ ቤት ሙሽራው ዘግየት ሲል፣ አንድ ሰው ደውሎ "ላማክርህ ነበር" ካለ በኋላ ትንሽ ዝም ሲል፣ የሚመጣውን ጥፋት አንድ በአንድ መቁጠር እጀምራለሁ። ቤቴን ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ ሁለት ጊዜ ተመልሼ እጀታውን የምነቀንቅ ሰው ነኝ። ሦስተኛውን የምተወው አምኜ አይደለም፤ ጎረቤት እንዳያየኝ ነው። ሳቁብኝ፣ ግድ የለም። ከእናንተም መሃል "ካውያውን ነቅዬ ይሆን?" እያለ ከባጃጅ የወረደ አይጠፋም።

እንዲህ ያለ ሰው ጸጥ ያለ ሥራ ነበር የሚገባው። እኔ ግን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊ ሆንኩ። ይህ ሥራ ከጠዋት እስከ ማታ ማስጀመር ነው፤ ይጻፋል፣ ይነሳል፣ ይወድቃል፣ ይታረማል፣ እንደገና ይነሳል። ሰው ጠዋት ሲነቃ ስሙንና የጫማውን ቦታ የሚነግረው አያስፈልገውም። ፕሮግራም ግን በተነሳ ቁጥር አዲስ ነው፤ ትናንት የነገርከውን ሁሉ ዛሬም ሀ ብለህ ትነግረዋለህ። ለዚህም የማስጀመሪያ ፋይል የሚባል ጽሑፍ ይዘጋጅለታል። ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው፤ እዚያ ላይ የጻፍከው ደህና ከሆነ ቀኑ በሰላም ይውላል።

የእኔ ቀን በሰላም ያልዋለው በእድራችን ምክንያት ነው። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ያለው የሰፈራችን እድር ከሁለት መቶ በላይ ቤተሰብ ያቀፈ ነው። አብዛኛው ሰው ፕሮቴስታንት ነው፤ ኦርቶዶክሱም ካቶሊኩም አለበት፣ ለቅሶ ላይ ግን ማንም ማንን አይለይም። አባቴ ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር፤ እሱ ሲያርፍ አባልነቱ ወደ እኔ ዞረ። ሰው ሲሞት የሚያስታውቁት ጥሩንባ ነፊያችን ነበሩ። ሰፈሩ እየሰፋ፣ እሳቸውም እያረጁ ሄዱና ጥሩንባው አዲሶቹ ፎቆች ላይ አልደርስ አለ። ጭራሽ አንድ አባል የጎረቤቱን ቀብር ሳይሰማ ቀርቶ በማግስቱ ከሟቹ መሰላል ሊዋስ ሄደ። ይህ ነውር ነው ተባለ፤ ከአሁን ወዲያ መርዶ በስልክ መልእክት ይሁን ተባለ፤ ሠሪ ተፈለገ። የሰፈር ልጅ ነኝና ሳልፈለግ ተገኘሁ።

ችግሩ የእድራችን ደንብ በየስብሰባው መለዋወጡ ነው። ዛሬ "አማት ለሞተችበት ሁለት ቀን ይቀመጥለት" ይባላል፤ በሚቀጥለው ወር "የሚስት የእንጀራ እናት አማት ናት ወይስ አይደለችም?" በሚል ግማሽ ቀን ይፈጃል። ደንብ በተለወጠ ቁጥር እኔን ከመጥራት ብዬ በፕሮግራሙ ሆድ ውስጥ አንድ ትንሽ አስተርጓሚ አስገባሁ፤ የእድሩ ጸሐፊ ራሳቸው ደንቡን በአማርኛ ቃላት ጽፈው እንዲሰጡት። "መዝግብ" ሲሉት ይመዘግባል፣ "ሰርዝ" ሲሉት ይሰርዛል፣ "አስታውቅ" ሲሉት ለአባላት ሁሉ መልእክት ይልካል። አስተርጓሚ ምን እንደሆነ ለኮሚቴው ያስረዳሁት በቤተ ክርስቲያን ምሳሌ ነው። ሰባኪው በአማርኛ ይናገራል፣ አጠገቡ የቆመው ወንድም ወዲያው ወደ አካባቢያችን ቋንቋ፣ ወደ ሲዳሙ አፎ ይመልሳል፤ ስብከቱ እስኪያልቅ አይጠብቅም፣ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ከአፍ ከአፉ ይቀበላል። ልዩነቱ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አስተርጓሚ ሰባኪው ሲሳሳት ዞር ብሎ ያየዋል። የእኔው አያይም። ያነበበውን ያደርጋል።

እንግዲህ "አስታውቅ" የሚለው ቃል መሥራቱን ለማየት አንድ ሰው መሞት ነበረበት።

እዚህ ላይ ጥንቃቄዬ ጠላቴ ሆነ። የሐሰት መርዶ እንዳይልክ ብዬ በአባላት መዝገብ ውስጥ የሌለ ስም እንዳይቀበል አድርጌው ነበር። "አቶ እከሌ" ብዬ ብጽፍለት "እንዲህ የሚባል አባል የለም" አለኝ። ሌላ አገር ያለ የሙያ ባልደረባዬ ቢሆን ከመዝገቡ የመጣለትን ስም አንስቶ ሥራውን ይቀጥል ነበር። እኛ ዘንድ ግን በሕይወት ያለን ሰው ሞተ ብሎ መጻፍ፣ ለሙከራም ቢሆን፣ ሟርት ነው። ሊቀመንበሩን አቶ ላሚሶን ባማክራቸው "በኢየሱስ ስም!" ብለው ወንበራቸውን ከኮምፒዩተሩ ራቅ አደረጉ። ጸሐፊው አቶ ዳንኤል "የእኔን ስም እንዳታስገባ፣ ልጆች አሉኝ" አሉ። የሴቶች ተወካይና የአጥር ጎረቤታችን ወይዘሮ ብርቅነሽ ደግሞ ባላቸው የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆኑ "እሱ መንገድ ላይ ነው፣ ስሙን በክፉ እንዳታነሳብኝ" ብለው ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። እኔ እንግዲህ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ በሟርት አላምንም። የራሴን ስም አስገባሁ። የጻፍኩት ግን በሩን ቆልፌ፣ ማንም ሳያየኝ ነው።

በማስጀመሪያ ፋይሉ የመጨረሻ መስመር ላይ "አስታውቅ" ብዬ ስሜን አስከተልኩ። መልእክት መላኪያው መሣሪያ ገና ስላልተሰካ፣ የእድሩ ደንብም ገና ስላልተጫነ መርዶዬ ስክሪኑ ላይ ብቻ ወጣ። አየሁት፣ ደህና ነው አልኩ፣ መስመሩን ነገ አጠፋዋለሁ አልኩ። ሰው ሞቱን ለነገ ሲያሳድር አስቡት።

የምረቃው ቀን ቅዳሜ ረፋድ ነበር። አቶ ላሚሶና አቶ ዳንኤል ሙሉ ልብስ ለብሰው ከተማችን መሃል ፒያሳ ያለችው ቢሮዬ ድረስ መጡ። እኔ ከሌሊቱ ጀምሬ የምፈራውን ሁሉ ስመረምር ነው ያነጋሁት። መብራት ቢጠፋ ባትሪ አለ። ኔትወርክ ቢቋረጥ መልእክቱ ተራ ይጠብቃል። ሲም ካርዱን አውጥቼ መልሼ ከትቻለሁ፣ ገመዱን ነቅዬ ሰክቻለሁ፣ የመዝገቡን ቅጂ በሦስት ቦታ አስቀምጫለሁ። ከምፈራቸው ነገሮች ውስጥ የራሴ እጅ ጽሑፍ አልነበረበትም።

አቶ ላሚሶ ያለ ጸሎት ነገር አይጀምሩም። ቆምን። ለማሽኑ ጸለዩ፣ ለኔትወርኩ ጸለዩ፣ ለእኔም ዕድሜ ለመኑልኝ። "አሜን" ሲባል ቁልፉን ተጫንኩ። ፕሮግራሙ ተነሳ። "ቃላት ተጭነዋል" አለ። "የአባላት መዝገብ ተጭኗል።" "ደንቡ ተጭኗል።" "መላኪያው ተገኝቷል።" አቶ ዳንኤል ሊያጨበጭቡ እጃቸውን አነሱ። ከዚያ ስክሪኑ "ተልኳል" አለ።

ምኑ ነው የተላከው? ብዬ ሳልጨርስ የሦስታችንም ስልክ በአንድ ጊዜ ጮኸ። አወጣሁና አነበብኩ፦ "አባላችን አቶ ኤርሚያስ ከዚህ ዓለም በሞት ስለተለዩ አባላት ሁሉ በሟች መኖሪያ ቤት እንድትገኙ እናሳስባለን።" በሕይወቴ አቶ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

አቶ ላሚሶ መነጽራቸውን አውጥተው አነበቡ። ቀና ብለው አዩኝ። ደግመው አነበቡ። እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲያረዱ የኖሩ ናቸው፤ በሰፈራችን እንደሳቸው መርዶ የሚያውቅበት የለም። ልማድ ቀደማቸውና እጄን ያዝ አድርገው "ቁጭ በል ልጄ" አሉኝ፤ ወደ አቶ ዳንኤልም ዞረው "እስቲ ውሃ ስጡት።" እኔም ቁጭ አልኩ፣ ውሃውንም ጠጣሁ። አንድ አፍታ ለራሴ ከልቤ አዘንኩ።

ከዚያ ሦስታችንም ነቃን። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከመላኪያ የወጣማ ከአፋፍም ያልፋል። "ማስተባበያ ላክ!" አሉ አቶ ዳንኤል። ማስተባበያ የሚባል ቃል አላስተማርኩትም። ሞትን እንጂ መትረፍን የሚናገርበት ቃል አልሰጠሁትም። ጨነቀኝና የሙያችንን የመጨረሻ መድኃኒት አነሳሁ፤ አጥፍቼ አበራሁት። መነሳት ሲጀምር ነው ያቺ መስመር አሁንም እዚያው እንዳለች ትዝ ያለኝ። የመጨረሻዋ መስመር ላይ ሲደርስ ግን እንዲህ አለ፦ "ስህተት። ኤርሚያስ የሚባል አባል የለም።" ለካ ከማስታወቁ ጋር በደንቡ መሠረት ከመዝገብ ሰርዞኛል። ደንቡን አንድ በአንድ ያስነበብኩት እኔው ነኝ፤ አንዲት አንቀጽ አላለፈም።

"እናትህ!" አሉ አቶ ላሚሶ።

የእናቴ ስልክ በእድሩ መዝገብ ውስጥ የለም፤ አባሉ እኔ ነኝና። ግን በግራዋም በቀኝዋም ያለው ጎረቤት አባል ነው። እናቴ ደግሞ ካመማት ወዲህ ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ "ድንጋጤ እንዳያገኛት፣ ልቧ አይችልም" ብሎኛል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ክፉ ዜና ሲወራ ቴሌቪዥን የማጠፋ፣ ሰው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ በዓይኔ የምቆጣ እኔ፣ አሁን የገዛ ልጇን መርዶ በሰፈሩ ስልክ ሁሉ ላይ በተንኩ። ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ደገምኩ፣ አይነሳም። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም።

ባጃጅ ውስጥ ገብቼ "ምሥራቅ! ቶሎ!" አልኩ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል እያልኩ ነው ያደግኩት፣ ግን እንዲህ በሰው እጅ ተጽፎ ይደርሳል አላልኩም። የእድራችን ወጣቶች ድንኳን ሲተክሉ ያላቸው ፍጥነት የታወቀ ነው፤ ባለፈው ስብሰባ እኔው ራሴ ተነስቼ አመስግኛቸዋለሁ። አሁን ምሰሶው ደጃችን ሲቆም ታየኝ። እናቴ "ይኼ የማን ነው?" ስትል ታየኝ። ስልኬ መጮሁን አያቆምም። አንዱን አነሳሁ፣ የሰፈር ሰው ነው። "ማን ልበል?" አለኝ። "ኤርሚያስ ነኝ" አልኩ። "እግዚአብሔር ያጽናህ" ብሎ ዘጋው። ባለ ባጃጁ በመስታወቱ እያየኝ "ማን ሞቶብህ ነው ወንድሜ?" አለ። "እኔ" አልኩት። ከዚያ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ጠመዘዘው።

ስደርስ ድንኳን የለም። የቤታችን በር ገርበብ ብሏል፣ ግቢው ጸጥ ብሏል። ጸጥታው ይበልጥ አስፈራኝ። ከጎን፣ ከወይዘሮ ብርቅነሽ ግቢ ግን የብዙ ሰው ሹክሹክታ ይሰማል፤ በዚያው ገባሁ።

ሠላሳ የሚሆን ሰው ተሰብስቧል። ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቋል፣ ሁሉም ድምፁን ውጧል፤ በእነሱና በእናቴ መሃል ያለው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። እኔን የሚያህል ልጅ ለሞተባት እናት መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም፤ ሰው ይሰበሰባል፣ ይመከራል፣ የሚናገረው ሰው ይመረጣል፣ ዘመድ ይጠበቃል። እነሱም ያንን ነው የሚያደርጉት። ይርጋለም ከተማ ያለው አጎቴ እስኪደርስ ይጠበቅ ተብሏል። ጤና ጣቢያ የምትሠራው የሰፈር ልጅ የደም ግፊት መለኪያዋን ይዛ በር ላይ ተቀምጣለች። አንዲት ጎረቤት ቀድማ ወደ እናቴ ተልካ፣ "ባትሪዬ አልቆብኝ ነው" ብላ ስልኳን ተውሳ፣ ድምፁን አጥፍታ ይዛባታለች። እናቴ ስደውል ያላነሳችው ለዚህ ነው። ይህን ሁሉ ያደረጉት ለእኔ እያለቀሱ ነው። ቆሜ አየኋቸውና እንባዬ መጣ።

አንዷ ቀና ስትል አየችኝ። አፏን ከፈተች። ወይዘሮ ብርቅነሽ ዘለው የነጠላቸውን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተቱ፤ "ትሰማለች!" አሉ በሹክሹክታ። ከዚያ ዞር ብለው ሊያስጮሃት የነበረውን ነገር አዩ። እሳቸው ግን አልጮኹም። ቀስ ብለው መጥተው ፊቴን ዳበሱ፣ ክንዴን ቆነጠጡ፣ ጠንከር አድርገው ቆነጠጡ፣ ከዚያ ደረቴ ላይ ተደፍተው ድምፅ በሌለው ለቅሶ ተንሰቀሰቁ። ሠላሳ ሰው በእጁ አፉን ይዞ ዙሪያዬን ቆመ። "ኮምፒዩተሩ ነው፣ ስህተት ነው" እላለሁ፣ የሚሰማኝ የለም።

በዚህ መሃል በሩ ተከፈተና እናቴ ገባች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች።

ለካ ሰው ወደ ወይዘሮ ብርቅነሽ ግቢ ሲጎርፍ በበሩ ክፍተት ስታይ ቆይታለች። ስልኳን የተዋሰቻት ጎረቤትም ዓይን ዓይኗን ማየት አቅቷታል። እናቴ አሰላሰለችና መንገድ ላይ ያለው የወይዘሮ ብርቅነሽ ባል ሞቷል ብላ ደመደመች። "ወይኔ እህቴን! ወይኔ ብርቅነሽ!" ብላ አንገታቸው ላይ ወደቀች። ወይዘሮ ብርቅነሽ ቀድሞውኑ እያለቀሱ ስለነበር ነገሩ ተሟላ። የእኔ ዓይን ከእናቴ ደረት ላይ አልነቀል አለ። ትንሽ አልቅሳ ቀና ስትል አየችኝ። "አንተም ሰማህ? ጎበዝ፣ ሥራህን ትተህ መምጣትህ" አለችኝ። አፍንጫዋን ጠርጋ፣ "ለመሆኑ መቼ አረፈ?" ብላ ዙሪያዋን ጠየቀች።

ሠላሳ ሰው መሬት መሬት አየ።

ያን ጊዜ አቶ ላሚሶ በሌላ ባጃጅ ደረሱ። አንድ ጊዜ አዩንና ገባቸው። እናቴን ወንበር ላይ አስቀመጧት፣ ውሃ አስመጡ፣ እጇን ያዙ። "አስቴር፣ አንቺ ጠንካራ ሴት ነሽ" ብለው ጀመሩ። ስለ ሰው ልጅ ደካማነት ተናገሩ። ስለ አዲስ ዘመን መሣሪያ ተናገሩ። የሞት ወሬ ሁሉ እውነት እንዳልሆነ በሩቁ ዞረው ነካ አደረጉ። ሩብ ሰዓት ያህል እፊቷ ቆሜ፣ በሕይወት መኖሬ ለእናቴ በዘዴ ሲነገራት ሰማሁ። በመጨረሻ "ዛሬ ጠዋት ስለ ልጅሽ ክፉ ወሬ ተነግሮ ነበር፤ ውሸት ነው፤ ልጁም ይኸው" አሉ።

እናቴ እኔን አየችኝ፣ ከእግር እስከ ራሴ። ከዚያ በግቢው የተሰበሰበውን ሰው ዞራ ዞራ አየች። "ይኼ ሁሉ ሰው ለእሱ ነው የመጣው?" አለች። "አዎ" አሉ። ነጠላዋን አስተካክላ ለበሰች። "ፊት ለፊት ያሉት እነ አቶ ማሞ ግን አልመጡም" አለች። የጤና ጣቢያዋ ልጅ ሮጣ መለኪያውን ክንዷ ላይ አሰረች፤ ደህና ነው አለች። በዚያው የእኔን ለካችና ተኛ አለችኝ።

በሳምንቱ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። ያን ሳምንት ምግብ አልበላሁም፤ ይቅርታዬን አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀድጃለሁ። ማንም አልተቆጣኝም። አቶ ላሚሶ ተነስተው "ልጁ ጥሩ ሠርቷል፤ ማሽኑ ግን መርዶ አያውቅም፣ ከነገርነው ይማራል" አሉ። ከዚህ በኋላ መልእክቱ የሟች ስም እንዳይዝ፣ "በእገሌ ቤት እንገናኝ" ብቻ እንዲል ተወሰነ። የማስጀመሪያ ፋይሉን እዚያው ፊታቸው ከፍቼ ያችን መስመር አጠፋሁ፤ ሰው ሁሉ አሜን አለ። እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ ሳስብ የከረምኩት ሌላ ነገር ነው። ያ ወሬ ከሁለት መቶ በላይ ቤት ገብቷል። እናቴ ጆሮ እንዳይደርስ የከለከለ ደንብ አልነበረም፤ ሆኖም ማንም አልነገራትም።

ቀጥሎ የእኔ ጉዳይ መጣ። አቶ ዳንኤል ደንቡን አነበቡ፤ ከመዝገብ የተሰረዘ ሰው የሚመለሰው በጉባኤው ድምፅ ብቻ ነው። ማሽኑ በደንቡ ሰርዞኛል፣ በደንቡ ካልሆነ አልመለስም። "እንግዲህ ኤርሚያስ በሕይወት አለ የምትሉ እጃችሁን አውጡ" አሉ። እጆች ወጡ። እኔ እቆጥራለሁ፤ አንድ ሰው ጭንቅላቱን ሲያክ እንኳ ቆጥሬዋለሁ። ወይዘሮ ብርቅነሽ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። "ምነው?" ቢባሉ "እኔ አንዴ አልቅሻለሁ፣ እንባዬን ማን ይመልስልኛል?" አሉ። ድምፀ ተአቅቦ ተብሎ ተመዘገበላቸው። አዳራሹ ሳቀ፤ እኔም በግማሽ አፌ ሳቅሁ።

እናቴ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። አባል አይደለችም፣ ድምፅ የላትም፣ ደንቡ ግልጽ ነው። ሁለቱንም እጆቿን አንስታ ነበር። አቶ ዳንኤል እስክሪብቷቸውን ይዘው በረድፉ እየቆጠሩ እሷ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ፣ ደንቡን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ሁለቱንም ቆጠሩ።